ግሸን ያለው መስቀል እውነተኛ ነው ወይ? አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ስለሚያጣላው ጥያቄ

እኛ እንደተለመደው ከፕሌኖ፣ ቴክሳስ ነን።

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ እንላለን። መስከረም በገባ ቁጥር የሚደርሱን መልእክቶች ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ስለ ግሸንና ስለ ግማደ መስቀሉ አንድ ነገር በሉልን እንጂ» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «በዚህ ዘመን እንጨት ተቀብሯል እያላችሁ ሕዝብ አታሞኙ» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም መልእክት ከአንድ ቤት የሚመጣበት ጊዜ መኖሩ ነው። እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ጴንጤ። ወይ ባል እንዲህ፣ ሚስት እንዲያ። እዚህ ዳላስና አካባቢው ውስጥ እንዲህ ያልሆነ ዘመድ ያለው ሰው ስንት ይሆናል?

እኛ የሃይማኖት መምህራን አይደለንም። ማን ይጸድቃል ማን ይኮነናል ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። ግን ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። ስንቋጭ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ሰዎቻችን የሚጣሉት በአንድ ጥያቄ ሳይሆን በሁለት ጥያቄ ነው። «እውነተኛው ነው ወይ?» የሚለው አንዱ ነው። «ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ቤት የሚታመሰው።

ትውፊቱ ምን ይላል?

ግማድ ማለት ክፋይ፣ ቁራጭ ማለት ነው። ትውፊቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች በገዥዎቻቸው ሲጨነቁ አፄ ዳዊት (እ.ኤ.አ. እስከ 1413 የነገሡት) ዓባይን እንዳይወርድ አደርጋለሁ ብለው አስፈራሩ። እርቅ ሲወርድ የተላከላቸውን ወርቅ አልፈልግም አሉ፤ የጠየቁት ጌታ የተሰቀለበትን መስቀል ነው። ግማደ መስቀሉ ተሰጣቸው። ንጉሡ ግን በመንገድ ላይ፣ ስናር ላይ ዐረፉ። በኋላ ልጃቸው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስመጡት። መስቀሉን በመስቀልኛ ቦታ አስቀምጥ የሚል ራእይ አይተው ብዙ ቦታ ከዞሩ በኋላ፣ በ1440ዎቹ ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ግሸን አምባን አገኙ። አምባው ራሱ በተፈጥሮው የመስቀል ቅርጽ አለው። እዚያ፣ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ተደርጎ፣ ከመሬት በታች ተቀበረ ይባላል። ይህንን የሚተርከው መጽሐፍ መጽሐፈ ጤፉት ይባላል። መስከረም 21 ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ ያንን ዳገት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ታሪክ አጥኚዎችስ? እነሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ1402 የአፄ ዳዊት መልእክተኞች፣ አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎረንስ ሰው መሪነት ቬኒስ ገብተዋል። ይህ በቬኒስ መዝገብ የሰፈረ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች በአፄ ዳዊት ዘመን መስቀሉ መጣ የሚለውን ታሪክ ከዚህ ጉዞ ጋር ያያይዙታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አንድ የመስቀል ቁራጭ ነው ተብሎ የታመነ ነገር ወደ አገራችን መጣ የሚለው ወሬ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የሚያከራክረው በየት በኩል መጣ የሚለው ነው። ከሱ የሚከብደው ደግሞ፦ የላኩት ሰዎችስ እጅ የነበረው ምን ነበር?

ኢየሩሳሌም ላይ የተጀመረው ጥያቄ

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መስቀሉን ያገኘችው ንግሥት እሌኒ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 326 ገደማ ነው። ደመራ የምንደምረውም ይህንኑ ለማሰብ ነው። ተጠራጣሪዎች የሚያነሡት ነጥብ አለ፦ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስን ታሪክ የጻፈው፣ በዚያው ዘመን የኖረው አውሳብዮስ፣ እሌኒ ኢየሩሳሌም መሄዷን ይነግረናል እንጂ መስቀል ማግኘቷን አይነግረንም። አማኞች ደግሞ እንዲህ ይመልሳሉ፦ ብዙም ሳይቆይ፣ በ350 አካባቢ፣ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ የመስቀሉ እንጨት ተቆራርሶ ዓለምን ሞልቷል እያለ እዚያው ከተማ ውስጥ ሰብኳል። ከተማው የሚያውቀው ነገር ባይኖር እንዴት ደፍሮ ይላል?

በ380ዎቹ ኢየሩሳሌም የተሳለመች ኤገሪያ የምትባል ሴት ደግሞ የጻፈችው ነገር ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በስቅለት ዕለት ጳጳሱ እንጨቱን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይይዛሉ፤ ዲያቆናት ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ለምን መሰላችሁ? አንድ ጊዜ አንዱ ሊሳለም ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ነክሶ ቁራሽ ይዞ ሄዷል ይባላል! እንግዲህ ቁራጩ እንዴት እንደበዛ ከዚህ መገመት ነው።

እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ተበላሸ። አውሮፓ ውስጥ የቅዱሳን ዐፅም ነው፣ የመስቀል ስንጣሪ ነው እየተባለ ንግዱ ጦፈ። የማርቲን ሉተር አገር ገዥ የነበረው ፍሬድሪክ ብቻውን ከ19 ሺህ በላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰብስቦ ነበር። ሰዉ እሱን አይቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ የኃጢአት ቅጣት ይቀልልኛል ብሎ ይሄዳል። የተሐድሶው ቁጣ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጆን ካልቪን በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በየቦታው ያለው የመስቀል ቁራጭ ቢሰበሰብ አንድ መርከብ ይሞላል ብሎ አላገጠ።

ይህች የመርከብ ነገር እስከ ዛሬ በየክርክሩ ትነሣለች። ግን መልስ አላት። በ1870 ሮኦ ደ ፍሌሪ የሚባል ፈረንሳዊ፣ በአውሮፓና በሌላም ቦታ ተመዝግቦ ያገኘውን ቁራጭ ሁሉ ለካና ደመረው። ድምሩ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ መጠን ያለው እንጨት ሆነ። አንድ ሙሉ መስቀል ደግሞ በሱ ግምት ወደ 178 ሊትር ነው። መርከብ ቀርቶ አንድ ጄሪካን አይሞላም!

ታዲያ ይህ አማኙን ወገን አሸናፊ ያደርገዋል? አያደርገውም። ጥቂት መሆኑ ካልቪን ማጋነኑን ያሳያል እንጂ ያ ጥቂቱ እውነተኛ መሆኑን አያሳይም። ሁለቱም ወገን በዚህ ቁጥር ከሚገባው በላይ ባይመካ ጥሩ ነው።

እሺ፣ ቢመረመርስ?

«ሳይንስ አለ አይደል፣ ይመርመርና ይገላገል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ምርመራ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣሊያን ቱሪን ከተማ ያለውን፣ ጌታ የተገነዘበት ነው የሚባለውን ጨርቅ እንውሰድ። በ1988 በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በአሪዞና ያሉ ሦስት ላቦራቶሪዎች መረመሩት። ውጤቱ ተልባው ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ቆመ? አልቆመም፤ ናሙናው የተወሰደው ከተጠገነ ጥግ ነው የሚሉ ተነሡ። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1998 ነገሩን ለሳይንቲስቶች ትተው፣ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ፍርድ የመስጠት ልዩ ሥልጣን የላትም አሉ። ሕዝቡም እየጎረፈ ማየቱን ቀጠለ።

ወደ ግሸን ስንመጣ ደግሞ የተቀበረ ነገር ነው፤ አይታይም፣ አይቆፈርም። ቢወጣና ቢመረመር እንኳ፣ ምርመራ «ይህ እንጨት የ1ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም» ብሎ ሊያፈርስ ይችላል። «የ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ብሎ ዘመኑንም ሊያጸና ይችላል። «ክርስቶስ የተሰቀለበት ነው» ማለት ግን አይችልም። ሮማውያን የሰቀሉት ሰው አንድና ሁለት አይደለምና። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚህ በላይ በቤተ ሙከራ አይሄድም።

ይህ ክርክር የፈረንጅ ብቻ ነው?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው «መስቀል ማክበርን መቃወም ከሚሲዮን ጋር የመጣ ነው፣ በእኛ አገር አልነበረም» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ካልቪንም ሉተርም ከመወለዳቸው በፊት፣ እዚያው እኛው አገር ውስጥ፣ በግዕዝ የሚጽፉ፣ በጾምና በጸሎት የኖሩ መነኮሳት ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው ነበር።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ አባ እስጢፋኖስ በሚባሉ መነኩሴ የተነሡ ናቸው። ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል ስገዱ ሲባሉም እንቢ አሉ። እነሱ ማርያምን እናከብራለን ነው የሚሉት፤ ከሳሾቻቸው ግን የማርያምና የመስቀል ጠላቶች አሏቸው። ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ብዙዎች ሞቱ። አባ እስጢፋኖስ ራሳቸው እስር ላይ እያሉ ነው ያረፉት።

የቀጣቸው ንጉሥ ማን መሰላችሁ? አፄ ዘርዓ ያዕቆብ! ግማደ መስቀሉን ግሸን ላይ አስቀመጡ የተባሉት፣ ያው ንጉሥ። ታሪካቸውን ነፍሳቸውን ይማረውና ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰውልናል፤ መጽሐፉ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ይባላል። የነሱ ገዳም ጉንዳ ጉንዴ ደግሞ ዛሬ የተዋሕዶ ገዳም ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ እንግዶች አልነበሩም ማለት ነው፤ ልጆቿ ነበሩ።

የቤተ ክርስቲያኒቱን መልስም በትክክል ማስቀመጥ ይገባል። ስግደት ሁለት ዓይነት ነው፦ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የአክብሮት ስግደት ግን ለቅዱሳንና ለመስቀል። ለእንጨቱ ብሎ እንጨት የሚያመልክ የለም ይላሉ። መቀበል አለመቀበል የየራሳችን ነው። ግን የማይሉትን ይላሉ ብሎ መክሰስ ክርክር ሳይሆን ስም ማጥፋት ነው።

እባቡና ሥዕሉ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ዋጋው።

ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳል፤ ደግሞ ከአንድ መጽሐፍ ነው የሚጠቅሱት። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 13 ላይ የሞተ ሰው የኤልሳዕን ዐፅም ነክቶ ተነሣ። አምስት ምዕራፍ አልፋችሁ ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የነሐስ እባብ ሰባበረው። ሕዝቡ ያጥንለት ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ እባብ የሐሰት አልነበረም። መጽሐፉ ራሱ ሙሴ የሠራው ነው ይላል፤ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ሰውም ፈውሷል። እውነተኛነቱ ግን አላዳነውም። አያያዙ ተበላሸና ተሰበረ። ስለዚህ አንድ ነገር እውነተኛ ስለሆነ ብቻ ሰው የሚያደርግለት ሁሉ ልክ ይሆናል ማለት አይደለም።

ተቃራኒው ምሳሌ ከእኛው አገር አለ። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል። በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ የሣለው ነው ይባል ነበር። የጎንደር ነገሥታት በሱ ፊት ያስምሉ ነበር፤ ጦር ሜዳም ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ እንደገና በወርቅ ተቤዥቶ ነው የመጣው። በ1868 መቅደላ ላይ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል እንግሊዛዊ ወስዶት ወጣ፤ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ። የሥዕል አዋቂዎች ደግሞ አውሮፓዊ እጅ ያለበት፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው ይላሉ።

እሺ፣ ሉቃስ አልሣለውም እንበል። ያ ሁሉ መሐላ፣ ያ ሁሉ እንባ፣ እሱን ለመመለስ የተከፈለው ወርቅ ሐሰት ሆነ? አልሆነም። ዋጋው ከሣዩ ብቻ አልመጣም፤ በፊቱ ከቆመው ሕዝብም ጭምር ነው።

ታቦቱስ?

ሌላ የምናውቀውን ነገር እንመልከት። በጥምቀት እዚህ ዳላስ አካባቢ ታቦት ሲወጣ እልል የማይል ማን አለ? ያ ታቦት ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የጠየቀስ አለ? የለም። ታቦት ክብሩ ከዕድሜው አይደለም፤ በጳጳስ እጅ ተባርኮ፣ በቅብዐ ሜሮን ከብሮ ነው ታቦት የሚሆነው። ትናንት የተባረከውና ላሊበላ ያለው በክብር አይበላለጡም።

የብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉት፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። እውነተኛነታቸው አያጠራጥርም። ግን ለሕዝብ አይታዩም፣ ፎቶ አይነሡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ የእኛ ካህናት ብቻ ናቸው የሚፈቀድላቸው። ሙዚየም ማለት ማሳያ አይደለም እንዴ? እውነተኛ ዕቃ ይዞ፣ ማሳየት ሳይችል፣ መመለስም ሳይፈልግ የሚኖር ቦታ ማለት ነው። በአንጻሩ ኤድንበርግ ውስጥ ጆን መክላኪ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ በ2001 ከቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት አገኙ፤ ምንነቱንም ዐወቁት። በ2002 ተመለሰ፤ አዲስ አበባም ግልብጥ ብላ ወጥታ ተቀበለችው። ሰውየው ኦርቶዶክስ አልነበሩም። የታቦቱን ዋጋ በእኛ ዓይን ማየት ግን አላቃታቸውም።

ስለዚህ «የከበረ» የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ግማደ መስቀሉ የሚከበረው ከየት እንደመጣ በሚነገረው ነው፤ ስለዚህ የታሪክ ጥያቄ በደንብ ይነካዋል። ታቦት የሚከበረው በመባረኩ ነው፤ የዕድሜ ጥያቄ አይነካውም። ኵርዓተ ርእሱ ሕዝብ አብሮት ባሳለፈው ታሪክ ይከብራል። ጸበልና ከገዳም የሚመጣው እምነት ደግሞ በበረከቱ ይፈለጋል። ስንከራከር ስለየትኛው እንደምንከራከር ቢያንስ እንወቅ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛ ከኤርፖርት ሰው ስንጭን ብዙ እንሰማለን። አንድ ጊዜ እናት ከወሎ መጥተው፣ ልጃቸውና ምራታቸው ሊቀበሏቸው ወጥተው፣ መኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። እናት ከግሸን እምነት ይዘው መጥተዋል፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። ምራት «እማማ፣ ይሄ አፈር ነው፤ ጌታ ብቻ ነው የሚያድነው» አለች፤ በክፋት አይደለም። ልጅ መሐል ገብቶ «እውነተኛ ለመሆኑስ ማስረጃ አለ?» አለ። እናት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ማስረጃ ላመጣላችሁ መች መጣሁ? ዳገቱን ስወጣ ስማችሁን እየጠራሁ ነው የወጣሁት» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ፕሌኖ ድረስ መኪናው ውስጥ የተነፈሰ የለም።

አያችሁት? ምራት የጠየቀችው ስለ ዋጋው ነው። ልጅ የጠየቀው ስለ እውነተኛነቱ ነው። እናት የመለሱት ስለ ፍቅራቸው ነው። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን እየተነጋገሩ አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አራት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ከመከራከራችን በፊት «የምትጠይቀኝ እውነት መሆኑን ነው ወይስ መጥቀሙን?» እንባባል። የማናውቀውን ታሪክ በእምነት ጩኸት አንሙላ፤ የሰውን እምነትም በአንድ የታሪክ ጥርጣሬ የጨረስነው አይምሰለን።

ሁለተኛ፣ የእናታችሁን ጸበልና እምነት፣ ባታምኑበትም፣ ቆሻሻ መጣያ አትክተቱ። ከቤት እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ለሳቸው ስጧቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። እናቶችም፣ ልጅ ሳይፈልግ በግድ አትቀቡት። በግድ ማስገደድ ምን እንዳመጣ ከደቂቀ እስጢፋኖስ አይተናል።

ሦስተኛ፣ በስልክ «ከግማደ መስቀሉ ቦታ የመጣ» እያለ ዶላር የሚጠይቃችሁን ሰው ሽሹት። ይህ ኦርቶዶክስና ጴንጤ የሚስማሙበት ነገር ነው። የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የሞከረውን የሲሞንን ነገር ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሁለቱም ያነባሉ።

አራተኛ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ለጸበል ብላችሁ አታቋርጡ። በ2007 አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም ብለው አስተምረዋል። ከፓትርያርክ በላይ ኦርቶዶክስ መሆን አያስፈልግም።

ግሸን ላይ የተቀበረው ምን እንደሆነ እኛ ከፕሌኖ ሆነን አንፈርድም። ግን ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ሰው ስለሱ እየሰገደም፣ አልሰግድም ብሎ እየሞተም ኖሯል። የሁለቱም ልጆች ነን። ስለዚህ በመስቀል ማግስት ቤታችሁ ክርክሩ ሲነሣ ድምፅ ሳትጨምሩ ተነጋገሩበት።

የአክሱሙን የጽላተ ሙሴ ጉዳይ ብዙ ሰው ጠይቆናል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ነገር ስለሆነ በሌላ ቪዲዮ እንመለስበታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።